ለትኬት የተመዘነው ስብርባሪ ወርቅ

ልጄ ዓይኔ፣ ፈጣሪ ከነሆድሽ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ክፍልሽን በየቀኑ እጠርገዋለሁ፤ የሚያዝረከርከው ስለሌለ ግን ቶሎ ያልቅብኛል።

ለማንም እንዳታወሪ እንጂ ሰሞኑን ጉድ ሆኛለሁ። ሳትወልጂ ልድረስልሽ ብዬ፣ ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ስብርባሪ ወርቄን ሰበሰብኩ። ወርቅ ሠሪው እንዳያታልለኝ ደግሞ አስቀድሜ ሽንኩርት ሻጯ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። "እማማ፣ ይሄ እኮ አንድ ራስ ሽንኩርት አያህልም!" ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ።

ወርቅ ሠሪው የጉትቻዬን ቀይ ድንጋይ በጉጠት ነቀለ፤ ከሐብሉ መቆለፊያ ውስጥም የብረት ሽቦ አወጣ። ሃያ አንድ ካራቱን ከአሥራ ስምንቱ ለይቶ፣ ለየብቻ መዝኖ በየዋጋቸው አሰበው። እኔ ለካ ድንጋዩንም ብረቱንም ጨምሬ፣ ሁሉንም በሃያ አንድ አስቤው ኖሯል! ለትኬቱ ጥቂት ጎደለ።

"የጣትዎ ቀለበት ቢጨመር ይሞላል እኮ፣ እትዬ" አለኝ። አንቺን ሳረግዝ ጣቴ አብጦ፣ የጋብቻ ቀለበቴ ከዚያ ወዲህ ወልቆ አያውቅም። "በመጋዝ ልቁረጠው?" ሲለኝ እጄን ነጥቄ ወጣሁ። አባትሽ ይህን ሲሰማ፣ "ጣትሽን አይንኩብኝ እንጂ፣ እኔ እንደሆንኩ ያለ ቀለበትም የትም አልሄድብሽም!" አለኝ። ስቄ ላስቆርጠው ወሰንኩ።

እስከዚያ ከባድ ነገር አታንሺ፤ ደረጃ ስትወጪ መደገፊያውን ያዢ። እኔው እጅ ላይ በሰላም ያገላግልሽ። ካልከበደሽ ከአልጋሽ አጠገብ አንዲት ፍራሽ አዘጋጂልኝ። ሐሙስ ቀለበቱ ይቆረጣል፤ ስንት ግራም እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ