ስለ ጫማ ፋብሪካውና ስለ ትርፍራፊው ቆዳ የተሰጠ ቃል

ዛሬ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ የጫማ ፋብሪካው ባለቤት፣ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜዬ፣ በመኝታ ቤቴ ተቀምጬ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ ምስክሮቼና ጸሐፊው ባሉበት፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሳንባዬ ደከመ እንጂ አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ ሐኪሙም መርምሮ ይህንኑ መስክሯል። ልቤን ቢመረምረው ኖሮ ቅናት ያገኝበት ነበርና እሱን እኔው ልናገር።

መኖሪያ ቤቴን ከነዕቃው ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። ፋብሪካውን ግን አልሰጠውም፤ ገና ሳልሞት ቦታውን ለመጋዘን ሊሸጥ ገዢ ሲያፈላልግ ሰምቻለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። የቆዳ ሽታ ራሱን ያመዋል፣ ይህም እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም።

የማንም ገንዘብ የለብኝም። በታናሽ ወንድሜ ላይ የሠራሁት በደል ግን አለብኝና ይጻፍ።

ይህ ወንድሜ ከፋብሪካዬ ግንብ ጀርባ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት አለው። እኔ አዲስ ጫማ ስሠራ እሱ የጣልሁትን ቁርጥራጭ ቆዳ እየለቀመ ቦርሳና ቀበቶ ይሰፋ ነበር። አንድ ቀን ሰው ፊት «አንተ ብጣሽ» ብዬ ሰደብሁት። በሳምንቱ «ብጣሽ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀለ፤ ገበያውም ደራለት። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የለመነ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ እኔን አግኝቷል።

ዐይኔ ደም ለበሰ። የፋብሪካዬን ቆዳ ቆራጭ ጠርቼ፣ ትርፍራፊው ከመጣሉ በፊት እያንዳንዱ በቢላ መሐል ለመሐል እንዲሰነጠቅ አዘዝሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ይጠቅመናል?» አለኝ።

«ለእሱ እንዳይጠቅም ያደርግልናል» አልሁት።

ሁለት ወር ሙሉ ሰነጠቅን። በሦስተኛው ወር ደንበኞች እኔው ዘንድ መጥተው፣ በስንጥቁ ጠፍር እየገባበት የተጠለፈውን ቦርሳ እሸጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለካ ግማሹን ሥራ እየሠራሁለት ኖሯል። ተናድጄ መሰንጠቁን ባስቆም፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምነው ስንጥቁ ቀረብን?» ብሎ መጣ። በንጹሕ ልቡ ነበር የጠየቀኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። በስንጥቁ ጠፍር የማስገባቱን ዘዴ ያወጣችው የገዛ ሴት ልጄ ነበረች። አስቀድማ እኔን፣ «አባዬ፣ ቁርጥራጩን ለምን እንቀብረዋለን? ያረጀውንስ ጫማ ተቀብለን ሶሉን ብንቀይርለት?» ስትለኝ ስቄባት ነበር። አጎቷ አልሳቀም። ወንበር ሳበላት። ይኸው ስድስት ዓመት ከግንቡ ወዲያ ስትስቅ እሰማታለሁ፤ እኔ ጋ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ገበያዬን ቢወስድ እችለው ነበር። ልጄን ወሰደብኝ።

አሁን ትልልቆቹ ገዢዎቼ ትርፍራፊውን የት እንደምጥል፣ ያለቀውንም ጫማ መልሼ እቀበል እንደሆነ ሳይጠይቁ ጫማ አያዙኝም። በጓሮ የቀበርሁት ቆዳ ክረምት በመጣ ቁጥር የጎረቤትን የጉድጓድ ውኃ ያበላሻል። እሷ የምታውቀው ሥራ ካልገባበት ፋብሪካው ሁለት ዓመት አይዘልቅም፤ መቶ ዐሥር ሠራተኛም ይበተናል።

ስለዚህ ፋብሪካውን ለሴት ልጄ ተናዝዣለሁ። ሆኖም የአጎቷን ደጅ ዳግመኛ እንዳትረግጥ፣ ብትረግጥ ግን ውርሱ...

እዚህ ላይ ልጄ፣ «አባዬ፣ እንደሱ ከሆነስ ይቅርብኝ» አለች። ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። ለምስክርነት የተቀመጠው ቆራጩም አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ እሷንም ልንሰነጥቃት ነው?» አለኝ። ይህንንም ጻፈው ብያለሁ።

ቃሌ እንዲህ ይታረም። ፋብሪካው ያለ አንዳች ግዴታ የእሷ ነው። ትርፍራፊው ሁሉ ለወንድሜ ሥራ ቤት ይሰጥ። በመካከላችን ያለው ግንብ ፈርሶ በር ይውጣለት፤ ሰው ያረጀ ጫማውን ይዞ ሲመጣም ተቀብለው ያድሱለት። ግንቡ የሚፈርሰው ግን ከቀብሬ በኋላ ነው፤ አብረው ሲሠሩ ለማየት ዐቅም የለኝም። ቅናቴ ለቆኛል አላልሁም።

ወንድሜ ይህን ቃል ከሞትሁ በኋላ ይስማ። ዛሬ ከሰማ ሊያመሰግነኝ ይመጣል፤ ምስጋናው ደግሞ ከሕመሜ ይብስብኛል።

የተጻፈው ሁሉ በምስክሮቹ ፊት ተነብቦልኝ፣ የራሴ ቃል መሆኑን አምኜ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ የፋብሪካው ባለቤት፣ ፊርማ
ምስክሮች፦ የፋብሪካው ቆራጭ፣ ፊርማ፤ ጎረቤቴ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ፊርማ፤ ሐኪሜ፣ ፊርማ
ጸሐፊ፦ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ፊርማ

ከተፈረመ በኋላ በተናዛዡ ቃል የተጨመረ፦ ወንድሜ ድንገት ከመጣ ግን ከደጅ አትመልሱት።