በቀይ የተሰረዘው ቁጥር

አባታችን ከመስታወት ቆራጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ጠብታ እየቆጠሩ ነው ያደጉት ይባላል። ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በ1965 ዓ.ም. በአንድ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ።

ሥራቸው ፍሎሪን ያለባቸውን ፈሳሾች የገጽ ውጥረት መለካት ነበር። ፈሳሹ ከቀጭን መርፌ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ከጠብታው ቅርጽ ተነሥቶም ገጹ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ይሰላል። ጠብታውን የሚያንጠለጥሉት የሥራ ባልደረባቸው የነበሩት እናታችን፣ ቀመሩን የሚያበጁት አባታችን ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱም ግትር ስለነበሩ ቤታችን ውስጥ ሾርባ እንኳ ያለ ክርክር አይቀዘቅዝም ነበር።

በ1979 ዓ.ም. እናታችን ፍሎሪን ያለበትንና የሌለበትን ፈሳሽ ደባልቀው ለክተው አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት አገኙ። የአባታችን ቀመር አሥራ ስድስት ይል ነበር። ትንሽ የሳሙና ቅሪት ውጥረቱን ያወርዳልና፣ አባታችን መርፌው አልታጠበም ብለው ቁጥሩን በሠራተኛው ሁሉ ፊት በቀይ ሰረዙት። እናታችን “አጥቤዋለሁ እኮ” ብለው ጋዋናቸውን ሰቀሉ፤ ወደዚያ ክፍል ዳግመኛ አልተመለሱም። በ1982 ዓ.ም. በልብ ሕመም ዐረፉ።

በዓመቱ አባታችን ያንኑ ድብልቅ በራሳቸው እጅ ስድስት ጊዜ ለኩት። ስድስቱንም ጊዜ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ፍሎሪን ያለበት ፈሳሽ ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን ይሸፍነዋል፣ ውጥረቱንም ያወርደዋል፤ ቀመራቸው ይህን አያውቅም ነበር። ቀመሩን አስተካከሉ፣ ተመሰገኑበትም። ስለ ቀዩ ስረዛ ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኙም። በባዶው ቤተ ሙከራ ውኃ ሲወርድ እየሰሙ ይነሡ ነበር፤ ሲደርሱ ገንዳው ደረቅ ነው። ነገሩ ቤትም ተከተላቸው። ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ማድ ቤት ይጥላሉ፤ “እናታችሁ እያጠበች ነው” ይሉናል።

በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አሏቸው። ሊያርፉ ሲሉ የመለኪያ መዝገቡን ለታላቋ ልጃቸው ሰጥተው፣ በሰው ፊት የሰረዝኩትን አፈር ሳልለብስ በሰው ፊት አንብቢልኝ ብለው ቃል አስገቧት። የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ ባልደረቦቻቸው ዛሬ እዚህ ቆማችኋልና ስሙልን። ትክክለኛው ቁጥር አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ነው። እናታችን መርፌውን አጥበውት ነበር።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ይቀበል፤ እናታችንም ይቅር ይበሏቸው።