የጋሼ ሆድና የጾሙ ባቄላ

እሑድ፣ መጋቢት 6

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነ። እስካሁን ቤት ውስጥ ነበር፣ መንገድ ላይም ነበር፣ ችለነው ነበር። ዛሬ ግን ደብረ ዘይት ነው፤ ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። ወንጌሉ ሲነበብ፣ መላእክት በታላቅ መለከት ድምፅ ይላካሉ የሚለው ቦታ ላይ ሲደረስ ሕዝቡ ጸጥ አለ። በዚያች ጸጥታ ውስጥ የወንድሜ የጋሼ ክፍሌ ሆድ ተናገረ። ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰማሁት። አጭር አልነበረም።

ቃሉን እዚህም አልጽፈውም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያቺ ቃል ያመለጠቻት ልጅ ያን ቀን ምሳ አታገኝም ነበር። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣችም።

ወጣቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አንዱ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ ወጣ። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ማካፈል አይገባውም ነበር። ጋሼ መቋሚያቸውን እንደያዙ አልተነቃነቁም። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሰበካ በሽምግልና አገልግለዋል።

ቤት ስንደርስ መቋሚያውን ከበር ጀርባ አቆሙና ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባም አሉ።

"ቅዳሜ ሚካኤልስ?" አልኳቸው።

"አልቆርብም።"

ሚስታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ አብረው ይቀበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አልቀረቡም። ዘንድሮ በስንት ልመና ንስሐ ገቡ፣ ቀኖናቸውን ጨረሱ፣ ለዚህ ሚካኤል ቀን ተቆረጠላቸው። ሳልቆርብ እንዳልሞት ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ የሰማሁት። አሁን ምን አደርጋለሁ?

ሰኞ

ያለፈውን ሳምንት ምግብ ጻፍኩ። ሰኞ ስልጆ፣ ያው ባቄላ። ማክሰኞ የባቄላ ክክ። ረቡዕ ሽሮ። ሐሙስ በቆልት። ዓርብ ንፍሮ፣ ግማሹ ባቄላ። ቅዳሜ ከዓርብ የተረፈው። ተማሪ ጽፎ ቢያመጣልኝ ደጋግመሃል ብዬ እመልስለት ነበር።

ጎረቤቴ ደስታ መጣች። የሆነውን ሁሉ ሰምታለች። ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ እንኳ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች።

"እትዬ ተዋበች፣ ይሄ እኮ የሽምግልና ነው። ያባቴማ በቅሎ ያስደነብር ነበር።"

ባቄላውን ከጓዳ ላወጣ ነው ብላት ሳቀችብኝ። በመንዝ ባቄላ ከወጣ ጾሙም አብሮ ይወጣል አለች። ተልባ አጠጫቸው፣ አንጀት ያለሰልሳል አለችኝ። ተልባ አለኝ። ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ አጣራሁ።

ማክሰኞ

ተልባው ስሕተት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አይ፣ ልጻፍ። ለማን እደብቃለሁ? ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጋሼ ስምንት ጊዜ ወጡ። የሱፍ ባናቸውን ለብሰው ከበጎቹ ጉሮኖ ጀርባ ይቆማሉ። ነፋሱ ቆዳ የሚገፍ ነው። ግቡ እንጂ ይበርድዎታል ስላቸው በጎቹን ልቁጠር ብዬ ነው ይላሉ። በጎቹ ስድስት ናቸው።

ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ ይስላሉ። ድምፁን በሳል ለመሸፈን ነው። ሳሉ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። እኔ መጽሐፌን እያየሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ፤ እሳቸው እንዳልሰማሁ ያመኑ ይሆናሉ። ሁለታችንም በዚህ ዕድሜ።

ጦስኝ አፈላሁ። ዝንጅብል ጨመርኩ። ጤና አዳም ጨመርኩ። ጠጡና "እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ፤ ወጡ።

ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ብቻዬን ሄድኩ። ጋሼ ቢገድሉኝም አልሄድም አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ሰልፉ ላይ ቆሜ የምለውን በልቤ ሦስት ጊዜ አረምኩ። ነርሷ ፊት ስደርስ "አንድ ዘመድ አለኝ" ብዬ ቆምኩ። ገባት መሰለኝ በሩን ዘጋችው።

ስንት ሰዓት እንደሚበሉ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ አልኳት። ኮራ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ስንት ጥርስ አላቸው አለች። አራት።

"እማማ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ያልታኘከ ባቄላ፣ ያውም በጥድፊያ" አለች። አልቆጣችም። የተሳሳተ የቤት ሥራ እንደምታነብ ነበር፤ የቤት ሥራው የእኔ ነው።

ምክንያቱም ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ስድስት ሰዓት ያበሏቸው ነበር። የነፍስ አባታችን ስለ ዕድሜያቸው ፈቅደውላቸው ነበር። እኔ ልጦራቸው ስመጣ፣ ገና በመጀመሪያው ሑዳዴ፣ በዚህ ቤት ጾም ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መሶብ አይከፈትም አልኩ። ጋሼ "እሺ" አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተከራከሩኝም። ያን ጊዜ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ነርሷ ባቄላውን ተይ፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ስጫቸው፣ ላልቶ ይሁን አለች። እስከ ቅዳሜ ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዕድሜም አለበት፣ ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል አለች። ሌላ ሕመም ካየሽባቸው ግን ይዘሻቸው ነይ አለች። ዝናብ ትከሻዬ ላይ እየወረደ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

በስድስት ሰዓት ቀጭን የገብስ አጥሚት አቀረብኩ። ጋሼ ወደ ፀሐዩ አዩ።

"ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ ተዋቡ።"

እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይብሉ አልኩ። ለመንኩ። ጾሜን ለምን ታስፈቺኛለሽ አሉ። አጥሚቱ ቀዘቀዘ። በዘጠኝ ሰዓት አሙቄ ሰጠሁ፤ በሉ፤ ያው ሆነ።

የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። ቄሱ ሲመጡ ጋሼ በጓሮ በር ወጡ። ካህኑን አስቀመጥኩና መናገር አቃተኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ አፍ ያረምኩ ሴት። በመጨረሻ ከዚህ ደብተር ወረቀት ቀድጄ "ስለ ሆዳቸው ነፋስ ያፍራሉ፣ ስለዚህ አልቆርብም ብለዋል" ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ቄሱ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው አነበቡ።

"ፈስ ነው?" አሉ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

"ሆዳቸው የፈለገውን ይበል። እኔ የተቀበልኩት ከአፋቸው የወጣውን ንስሐ ነው" አሉና ተነሡ። ወደ ጉሮኖው ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው፤ የሚሉት አይሰማም። ቄሱ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

ማምሻውን ጋሼ "እሄዳለሁ" አሉኝ። ደስ አለኝ ልል ስል፣ "እገባለሁ ግን አላልኩም" አሉ።

ዓርብ

ጋሼ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም አልበሉም። ሆዴን ባዶ ላድርገው አሉ። ሁለት ጉንጭ ውሃ ብቻ። ትራስ ላይ ተጋደሙ። ይሄ ደግሞ የትኛው ሥርዓት ነው ብዬ ጮኽኩባቸው።

ልብሳቸውን አጠብኩ። ነጠላውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ንጹሕ ነበር። እጄ ሌላ የሚሠራው አላገኘም።

ቅዳሜ፣ ሚካኤል

ሄድን። በሦስት ቦታ አረፉ። ቅጽሩ በር ላይ ስንደርስ ወደ ውስጥ አልዘለቁም፤ ንስሐ ያልገቡና ክርስትና ያላስነሡ አራሶች የሚቆሙበት የግንቡ ጥግ ሄደው ቆሙ። አርባ ዓመት ሰው ወደ ውስጥ ሲያስገቡ የኖሩ ሽማግሌ። አንቺ ግቢ አሉኝ። ልጅ ሆኜ የተማርኩት፣ ንጹሕ የሆነ ሰው ሰነፍ ካልሆነ በቀር ውጭ አይቆምም የሚል ነው። አልገባሁም። አጠገባቸው ቆምኩ። ሰዉ ሁሉ እየዞረ ተመለከተን።

ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እግዚኦታው ላይ ሲደረስ ያው መጣ። ሳሉም ዘገየ። አጠገባችን የነበረች፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት፣ ፊቷን ሳታዞር፣

"ይማርዎት" አለች።

ጋሼ "ያኑርሽ" አሉ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መሰለኝ፤ ዞሬ ሳይ እየሳቁ ነው። ከባለቤታቸው ወዲህ ሲስቁ አላየሁም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

የቆራቢዎቹ ደወል ሲደወል ግን ሳቁ ቆመ። ሰዎች እየተራመዱ ገቡ። ክንዳቸውን ያዝኩ። "ጋሼ፣ አሁን ነው" አልኳቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጥብቀው ተከሉት። አልጎተትኳቸውም። ምን ኃይል አለኝ? ደወሉ አበቃ። አልገቡም። የነፍስ አባታችን በሩ ድረስ ወጥተው ወደ እኛ አዩ፤ ቆዩ፤ ተመለሱ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ክንዴን ያዙኝ። ወደ ወንዙ ወረድን። ማንን እንደምወቅስ እያሰብኩ ነበር፤ ራሴ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

"ተዋቡ፣ ሆሳዕና ዝናብ ይኖር ይሆን?" አሉ።

አላውቅም አልኩ።

"ከጣለ እንግዲህ እዚያ ግንቡ ሥር መጠለያ የለም።"

ቤት ያለን ጃንጥላ አንድ ነው። ለሁለታችን ይበቃል አልኳቸው። ቤት ገባን። በስድስት ሰዓት አጥሚቱን አቀረብኩ። ሰዓቱን ሳይጠይቁ ጽዋውን ያዙ፣ ግማሹን ጠጡ።