ድምፅ በማጥፋት ጥፋት የታገደ ሾፌር ለጓድ ሊቀመንበር

የካ፣ ሚያዝያ 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ለይኩን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? የእንጦጦ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ስብሰባው ወገብዎን ሳያጎብጠው፣ ጭብጨባውም መዳፍዎን ሳይልጠው እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሥራ ከመታገዴ በቀር እጅግ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ እኔው ነኝ፣ የቀበሌው ሾፌር ከማለዲን ሳልህ፣ በገዛ እጄ። የማታውን የመሠረተ ትምህርት ከአርባ ሁለት ሰው አንደኛ ወጥቼ ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። መምህራችን ወይዘሪት የማርያምወርቅ «ጋሽ ከማለዲን፣ እርስዎ ዝም ቢሉ እንኳ ብዕርዎ ዝም አይልም» ብላኛለች። አጋነነች እንዳልል እውነቷን ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የቀበሌያችን ብቸኛ መኪና፣ ያቺ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት ትንሽ ነጭ መኪና፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ «ቋ ቋ ቋ» ማለት በጀመረች ጊዜ፣ እኔ አላዋቂው ክሪክ ላምጣ ስል፣ እርስዎ ግን ሰባት አባላት ያሉት አጥኚ ኮሚቴ ስላቋቋሙ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋ ወደ ቀኝ እንዳትታጠፍ ማዘዝዎም ትልቅ ጥበብ ነበር። በስተቀኝ አምስት ደቂቃ ወደማይፈጀው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ለመድረስ በግራ ቁልቁል ወርደን፣ አስፋልቱን በግራ ይዘን፣ አሁንም በግራ ዳገቱን ስንወጣ፣ እርስዎ ከኋላ ወንበር ሆነው የየካን ሕዝብ በሙሉ ለመጎብኘት በቅተዋል።

2ኛ. ብልሽቱ የት እንዳለ እጅ በማውጣት እንዲወሰን ስላደረጉም አመሰግናለሁ። ሁለት ጓዶች ነገሩ አሻጥር ነው አሉ፤ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ አራቱ ግን «ወደ ቀኝ ስትዞር ከጮኸች በሽታዋ ቀኝ ጎማ ላይ ነው» ብለው አሸነፉ። እኔም ከበሩ ሥር «ጓዶች፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ሸክሙ የሚያርፈው በግራው ጎማ ላይ ነው፤ የሚያቃስተውም የተሸከመው ነው» ብል፣ ጸሐፊው ጓድ ፍሥሐ «አንተ ድምፅ የለህም፣ ቁጭ በል!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የነበረኝ ጆሮ ብቻ ነው። ቀኙ ጎማ በአብላጫ ድምፅ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ግራሶ ተቀባ፣ ታሰረ። መኪናዋ ግን ቃለ ጉባኤው ስላልተነበበላት ቋ ቋ ማለቷን ቀጠለች።

3ኛ. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እሑድ ጠዋት መኪናዋን ከየካ ሚካኤል በታች ወዳለው ሜዳ ወሰድኳት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ጠምዝዤ በዝግታ ክቡን ስዞር፣ ባለቤቴ ፋዲላ ሻሿን ከጆሮዋ ገልጣ በግራ በኩል አብራኝ ተራመደች። ሦስተኛውን ዙር ሳንጨርስ «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ እኮ ነው! ያንን የፈቱት ምን አድርጓቸው ነው?» አለች። ኮሚቴው አንድ ወር ተኩል የለፋበት ጥናት በዚሁ አለቀ።

በክሪክ አንሥቼ ከግራው ጎማ ጀርባ ብመለከት፣ ዘንጉና ጎማው የሚገናኙበትን መጋጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል፤ ግራሶው ተረጭቶ አልቆ በምትኩ የየካ አቧራ ገብቶበታል፤ ውስጡ ያሉት ብይ የሚያካክሉ ኳሶችም ተበልተዋል። ደግነቱ ጡረተኛው ሜካኒክ አቶ አባይነህ ግቢ ውስጥ ዶሮ የምትታቀፍባት፣ እንደ እኛዋ ዓይነት የሆነች፣ ሞታ የቀረች መኪና አለች። ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቄ መጋጠሚያውን ከነላስቲኩ ፈታሁ። አቶ አባይነህ ዋጋውን ብጠይቃቸው «ልጄ ከጅማ የጻፈልኝን ሦስት ደብዳቤ አንብብልኝ፤ አንባቢ ሆንኩ ብለህ ሰፈሩን አደንቁረኸው የለም?» አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ አንዱን ሁለት ጊዜ። ዐሥር ሰዓት ላይ መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትዞር የሚሰማው የባሕር ዛፉ ነፋስ ብቻ ሆነ። ፋዲላ እልል አለች፤ እኔም ከደስታዬ የተነሣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞርኩ።

4ኛ. ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ድምፁን ሊያዳምጥ ከነደብተሩ መጥቶ የሚያዳምጠው ነገር ስላጣ በጣም አዘነ። ማክሰኞ ቁልፉን ተቀብለው ደብዳቤ ሰጡኝ፤ «ኮሚቴው ጥናቱን ሳያጠናቅቅ፣ የሚጠናውን ድምፅ ያለ ፈቃድ በማጥፋት» ይላል። ለዚህ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ምክንያቱም በአርባ አራት ዓመቴ፣ በስሜ ተጽፎልኝ፣ ማንም ሳያነብልኝ፣ በራሴ ዐይን ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይኸው የእገዳ ደብዳቤዬ ነው። ለፋዲላ እየጮኽኩ አንበለበልኩላት፤ ሁለታችንም በንባቤ ስንኮራ ቆይተን፣ ሥራ እንደሌለኝ የገባን ማኅተሙ ላይ ስንደርስ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፌን ይመልሱልኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመሪ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፤ አራት ልጆቼም ቃለ ጉባኤ አይበሉም። ኮሚቴው ድምፁ የግድ ያስፈልገኛል ካለ ደግሞ አሮጌው መጋጠሚያ አልጋዬ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ አስፈርሜ አስረክባለሁ። በየስብሰባው በእጃቸው ጠምዘዝ ቢያደርጉት ይጮህላቸዋል።

ጥናትዎ እንዲረዝም፣ መንገድዎ እንዲያጥር፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በሰላም እንዲታጠፉ ከነቤተሰቤ እየተመኘሁ፣ በአውራ ጣቴ ሳይሆን በብዕሬ የፈረምኩት፣

ከማለዲን ሳልህ
(ፊርማዬ ይኸው ነው፤ ማማሩን ልብ ይበሉልኝ)

ግልባጭ፦
— ለሸማቾች ሱቅ ግድግዳ፣ ስኳር ለሚጠብቀው ሰልፈኛ እንዲነበብ

ማስታወሻ፦ ከታገድኩ ወዲህ መኪናዋን ራስዎ እየነዱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ በጆሮው ያውቃል። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይሩ የሚሰማው «ክርርርር» ከመጋጠሚያው አይደለም፤ ከጎማውም አይደለም። ትናንት ከአጥሬ ሥር ቆሜ በሚገባ አዳምጬዋለሁ። መኪናዋ ደኅና ናት፤ መለወጥ ያለበት ሾፌሩ ነው። ለዚህኛው ኮሚቴ አያስፈልግም።