ጉልበቴ ውሃ የቋጠረ ጊዜ

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅማ ላለችው ለዘሊካዬ፣

አሰላሙ አለይኪ። አንቺም፣ ልጃችን ሀውላም፣ ትንሹ ኢማድም እንዴት ናችሁ? የተላከልኝን ፎቶ አየሁ፤ ኢማድ ግንባሩ ያንቺ ነው። ሀውላን አርባ ቀን ላርሳት ብለሽ እንደሄድሽ ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ስልኬን ስለማታነሺ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ጅማ ከመሄድሽ በፊት ያን ቀን ካራ ዳገት ላይ የሆነውን አልረሳሁትም። ግራ ጉልበቴ ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ቋጥሮ አብጦ ነበር። "ዛሬ አትንዳ" ብትይኝ እምቢ ብዬ፣ አንቺን ጋቢና አስቀምጬ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ መያዝ ሲያቅተኝ ሞተሩ ጠፋና ሚኒባሱ ከነተሳፋሪው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የእጅ ፍሬኑን የሳብሽው አንቺ ነሽ። እኔ ግን በማመስገን ፈንታ "ማን ንኪ አለሽ!" ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩብሽ። ወርደሽ በእግርሽ ሄድሽ።

ጅማ ከሄድሽ በኋላ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተር ሒሩት የምትባል፣ ሀውላን የምታክል ልጅ ናት ያየችኝ። ውሃውን በመርፌ ቀዳችልኝ፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ቢጫ ነገር ወጣ። አስመረመረችውና ኢንፌክሽንም ሪህም አይደለም፣ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልስ ነገር አልቆ ነው አለችኝ። ያን ቀን የቤታችንን ደረጃ እንደ ጎረምሳ ወጣሁት። ዳንኩ ብዬ በማግስቱ መሪ ጨበጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት መልሶ አበጠ።

"አባባ፣ እኔ ደጋግሜ ልቀዳልዎት እችላለሁ" አለችኝ። "የሚያስቋጥረውን ካልተዉ ግን ተመልሶ ይመጣል።"

"መንዳቱን ነው?"

"ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን መርገጡን። ክብደትም ይቀንሱ።"

አንቺ ይህንኑ ስንት ዓመት ነገርሽኝ።

አሁን ሚኒባሱን የሚነዳው የወንድምሽ ልጅ ሱፊያን ነው። እኔ ሲያብጥብኝ ተኝቼ እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አደርጋለሁ፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ሩብ ሰዓት እይዝበታለሁ፤ በፋሻ እጠመጥመዋለሁ። ሲጎድል ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ እስከ አስር እቆጥራለሁ። ታፋው ሲጠነክር ጉልበቱ ያርፋል ብላኛለች። ከቀላና ካተኮሰኝ ግን ሳላድር እንድመጣ አስጠንቅቃኛለች። ሶላትም ወንበር ላይ ሆኗል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ለካ እንደኔ ወንበር ላይ የሚሰግደው መስጊዱ ውስጥ ብዙ ነው።

እግሬን ሰቅዬ ስተኛ የሚመጣብኝ እንጦጦ ነው። የተጋባን ሰሞን እሁድ እሁድ በባሕር ዛፉ መሃል እንወጣ ነበር። አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ ትቀድሚኛለሽ፣ እኔ ከኋላሽ አለከልካለሁ። "ነጅሜ፣ አንተ ያለ ሞተር አትንቀሳቀስም" ትይኝ ነበር። ዝናብ የመታን ቀንስ ትዝ ይልሻል? የእርጥቡ ቅጠል ሽታ ልብሳችን ላይ ስንት ቀን ቆየ፤ አንቺም እንዳይለቅ ብለሽ ሳታጥቢው ሰነበትሽ።

ባለፈው እሁድ ሱፊያን በመኪና አወጣኝ። ሜዳ ሜዳውን በከዘራ ትንሽ ሄድኩና ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ነፋሱ ያው የድሮው ነው። ከጎኔ የአንድ ሰው ቦታ ትቼ መቀመጤን ያወቅኩት ስነሳ ነው።

ዘሊካ፣ በድዬሻለሁ። ያን ቀን ያስጮኸኝ ሕመሙ አይደለም፤ ፍርሃቴን ስላየሽብኝ ነው። አውፍ በይኝ።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ሀውላን ያበርታልን፤ ኢማድን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ዶክተሯ ፋሻውን እየፈታች "ቤት ውስጥ ይህን የሚጠመጥምልዎት ሰው አለ?" አለችኝ። "ባለቤቴ አለች" አልኳት። ዋሽቼ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ያንቺው ነጅመዲን