ሻድሊ ላይ የተቀመጡት ጎብኚዎች

ኤፕሪል 6፣ ሰኞ
ዛሬም አንድ አውቶቡስ ሙሉ አራገፉብን። ቁምጣ፣ ባርኔጣ፣ ፀሐይ የላጠው አንገት። ምሽጉን ፎቶ፣ የባሕሩን መብራት ማማ ፎቶ፣ ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ቀሚሴን ሳይቀር ፎቶ... ከተማችንን ማህዲያን ሊያዩ መጥተው ስልካቸውን ሲያዩ ውለው ይሄዳሉ። ቢጫ ጃንጥላ ይዞ ከፊት የሚመራቸው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙንሲፍ። የእህቴ ልጅ። በታሪክ ትምህርት የወደቀ አስጎብኚ!
ሰርዲን ጠበስኩ። ጨው በዛበት።

ኤፕሪል 10፣ ዓርብ
ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።
እንደ ዓርብ ልማዴ ውሃዬን ይዤ ወደ ባሌ መቃብር ወረድኩ። ድንጋዩ ራስጌ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ልሞላ። ወፍ በጠጣ ቁጥር ለሟቹ ምሕረት ይደርሰዋል እንላለን። ሻድሊ ደግሞ ምሕረት ያስፈልገዋል፤ ዕድሜውን በካርታ ጨዋታ ሲያጭበረብር የኖረ ሰው ነው።
ብደርስ ሁለት ሴቶች ባሌ ላይ ተቀምጠዋል። ባሌ ላይ! አንዷ ጣቷን የወፎቹ ውሃ ውስጥ ነክራ ዓይኗን ጨፍናለች። ለካስ ሙንሲፍ የመርከብ አዛዥ መቃብር ነው፣ እዚህ ጣት ነክሮ የተመኘ ያገባል ብሏቸዋል። የመርከብ አዛዥ... ሻድሊ እኮ ጀልባ ላይ ሲወጣ የሚያስመልሰው ዓሣ ነጋዴ ነበር።
ጮኽኩባቸው። ፈገግ ብለው ፎቶ አነሱኝ።

ኤፕሪል 11
ሙንሲፍ ቤት ሄጄ ሚስቱ ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን ሀሪሳ ድልህ ውስጥ ይነክራል። ልጆች አሉብኝ ይላል። ልጅ ያለው እሱ ብቻ ነው? "አክስቴ፣ እሱ መቃብር እኮ..." ሲል አቋረጥኩት። ምን ሊል? ሌላ ተረት ሊጨምርልኝ?

ኤፕሪል 17፣ ዓርብ
ቀደምኳቸው። በርጩማ ይዤ ሄጄ ራስጌው ተቀመጥኩ። ሲመጡ በዚያች በፈረንሳይኛዬ እውነቱን ነገርኳቸው። አዛዥም መዛዥም የለም። ቆንቋና ነበር፣ ያንኮራፋ ነበር፣ ስኳር ነው የገደለው። እኔን ቱኒስን እንኳ ሳያሳየኝ ሞቶ፣ ዛሬ ሰው ከፖላንድ ድረስ ሊያየው ይመጣል። ሳቁ። ሙንሲፍ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ታች ባሕሩ ዳር ወዳለው አሮጌ በር ሰደዳቸውና ተመልሶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።
"አክስቴ፣ ይሄ አጎቴ አይደለም።"
"ማን ነው ታዲያ?"
"እንጃ። ዘመድ የለውም ሲሉኝ ነው የመረጥኩት። አጎቴ ላይ ሰው የማስቀምጥ ይመስልሻል? አጎቴ እኮ እዚያ ታች ነው።"
ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ቁልፉን አውጥቶ ኖራውን ይፍቅ ጀመር። በየዒዱ ሁሉንም ኖራ ስንቀባ ስሙም አብሮ ይሸፈናል፤ ሁላችንም የራሳችንን በቦታው ነው የምናውቀው። እኔ ከመካነ መቃብሩ ግንብ ጥግ ተነስቼ እቆጥር ነበር። ማዕበሉ ግንቡን ካፈረሰው በኋላ ግን አዲሱን ወደ ውስጥ ገፍተው ነው የሠሩት፣ ቆጠራዬም አብሮ ተገፋ... እንዴት አላሰብኩም?
ከኖራው ሥር ስም ወጣ። ዘኪያ። ሴት!
ያን ሁሉ ዓርብ ሻድሊን ሳማላት የኖርኩት ለማላውቃት ሴት ነው። የሱን ምሕረት ወስዳ፣ የሱን ሐሜት ሰምታ፣ ዝም።
ታች ወረድን። እዚያም ፋቀ። ሻድሊ። ጎድጓዳዋ አሸዋ ሞልቶባታል፣ ድርቅ ብላለች። አለቀስኩ። እዚያው ሙንሲፍ ፊት፣ ቱሪስቶቹም እያዩኝ። ደግነቱ ያን ጊዜ ማንም ፎቶ አላነሳኝም።

ሜይ 1፣ ዓርብ
ሙንሲፍ አዛዡን ትቶ ስለ ወፎቹ ነው የሚያወራው። ስለኔም ሳያወራ አይቀርም፤ አንዳንዶቹ እያዩኝ ይጠቃቀሳሉ። ቁምጣቸው ያው ቁምጣ ነው። ግን ቆመው ነው የሚያዩት። አንዷ ከላስቲክ ጠርሙሷ የዘኪያ ጎድጓዳ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ግማሹን መሬት ላይ ደፋችው፣ ይሁን።
የሻድሊን አሸዋ ጠርጌ እኔ ሞላሁ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንዲት ድንቢጥ መጣች። በሱ ላይ አልፋ ዘኪያ ላይ አረፈች። ለምዳለቻ... ማን አስለመዳት?
ጠጥታ ሄደች። ይሄኔ ሻድሊ በሕይወት ቢኖር እንደ ተሸነፈ ቀን ካርታውን ወርውሮ ይነሳ ነበር።
ዓርብ ዓርብ መምጣቱ አይበቃም። ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም፣ ወፏ እሱንም እስክትለምደው።