ለካስ ይሰሙኝ ነበር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? ቀኝ እግርዎ ትንሽ መርገጥ ጀመረ ወይስ ያው እንደ በፊቱ ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እጄ በሳሙና ተላጠ እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ይህን የምታነብልዎ እህቴ ናት። እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የማያምር ቦታ ሲመጣ እንዳትዘልዪው።

መጀመሪያ ውሸቴን ላውጣ። በስልክ «ሥነ ልቦና እያጠናሁ ነው» ስላችሁ እናቴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ መስሏት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ እኔም አላረምኳትም። መግባቱንስ በየቀኑ እገባለሁ፤ ግን በጓሮ በር ነው፣ የተማሪዎቹን አንሶላ ልሰበስብ። ሥራዬ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። መጽሐፉንም ያገኘሁት ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲወጡ ጥለውት ከሄዱት ክምር ውስጥ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የባዮሎጂካል ሳይኮሎጂ መጽሐፍ ነው፤ አንጎል ሰውን እንዴት እንደሚያናግር፣ እንደሚያስቆጣ፣ እንደሚያስተኛ ያስተምራል።

በምሳ ሰዓት የአንሶላ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነባለሁ። አንዳንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኛል። ሸሚዝ የምትተኩሰው ባልደረባዬ «ዶክተር» እያለች ትቀልድብኛለች፤ ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። እንዲያውም አንድ ቀን መነጽሬ ጠፋኝ ስትል፣ ኮስተር ብዬ ስለ አንጎሏ ብዙ ዘበዘብኩባት። ለካ መነጽሩ አናቷ ላይ ነበር፤ ዶክተሯም አላየሁትም።

ከዚያ ስለ ንግግር የሚያስረዳው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። በግራ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ደም ሲያጣ ቀኝ እጅና እግር ይዝላል፤ ምላስም ይተሳሰራል ይላል። አንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ብቻ ይቀርለታል፤ ሊል የሚፈልገው ሌላ፣ ከአፉ የሚወጣው ያው ቃል። ቀጥሎ የመጣውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አጣራሁት። ብዙዎቹ ሰው የሚላቸውን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም ይላል።

አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ልብስ ሰፍተው፣ ከታመሙ በኋላ የቀረልዎ «ቁልፉ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። ሲጠማዎ «ቁልፉ»፣ ሲበርድዎም «ቁልፉ»። እኛ የበሩንም የኮቱንም ቁልፍ ስናቀብልዎ ይወረውሩት ነበር። ሰፈሩ «አባ ቁልፉ» ሲልዎ እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ያውም አጠገብዎ ሆኜ። የምሄድ ዕለት ደግሞ እህቴ «ግቢና አባባን ተሰናበቺ» አለችኝ። እርስዎ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው እያዩኝ፣ «አባባማ ከሞቱ ቆዩ፤ የቀረው ገላቸው ነው፤ ማንን ልሰናበት?» አልኳት። ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። በግራ እጅዎ ቀሚሴን ያዙ፤ «ቁልፉ፣ ቁልፉ» እያሉ እንባዎ ወረደ። እኔም «በሽታው ነው የሚያስለቅሳቸው» ብዬ ጣቶችዎን አንድ በአንድ አላቅቄ ወጣሁ።

ያን ገጽ ሳነብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አንሶላው ውስጥ ፊቴን ደፍቼ ስንሰቀሰቅ ሸሚዝ ተኳሿ ባልደረባዬ መጣችና «ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው» አልኳት። ነገሩ ግራ ቢገባትም የዚያን ቀን የእኔን ድርሻ አንሶላ እሷ አጠፈችልኝ።

በማግስቱ እህቴ ጋ ደወልኩ። ግራ እጅዎን ይዛ እንድትጠይቅዎ፣ እርስዎም ለአዎ አንዴ፣ ለአይደለም ሁለቴ ጨመቅ እንዲያደርጉ እንድትነግርዎ ለመንኳት። በመጀመሪያ ያበድኩ መስሏት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ራዲዮኑን ልዝጋው?» ስትልዎ ሁለቴ ጨመቋት። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜናውን መሃል ላይ እየዘጋንብዎ ኖረናል። «ይኸው፣ ድምፅሽን መስማት ይፈልጋሉ፤ ጠይቄያቸው አንዴ ጨምቀውኛል፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ላድርገው» አለችኝ። እኔ ግን ዘጋሁት። በምን ፊቴ ላናግርዎ? ለዚህ ነው ወደ ወረቀት የሸሸሁት።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላጣድፍዎም። የምለምነው ሌላ ነው። የዚያን ዕለት ቀሚሴን ይዘው ሊሉኝ የፈለጉት ምን ነበር? እህቴ በአዎና በአይደለም እየጠየቀች፣ ቀናትም ቢወስድ፣ ከእርስዎ ሰምታ ትጻፍልኝ። ምርቃትም ከነበረ፣ ቁጣም ከነበረ፣ ሳታሳምር እንዳለ ትላክልኝ። ያን ጊዜ ያልሰማሁትን አሁን ቁጭ ብዬ ልስማው።

የእናቴን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው ስትሰማ ብትቆጣኝ እውነት አላት። እህቴን፣ ባለቤቷንና ልጆቿን በያላችሁበት ሰላም ብያለሁ። ታናሽ ወንድሜ የስፌት መኪናውን ዘይት ይቀባው፤ አቧራ እንዳይበላው። አባባ፣ እጅዎን እስማለሁ፤ ግራውንም ቀኙንም።

ያፈረችብዎ ሳትሆን በራሷ ያፈረች ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን